የመሐንዲሱ እጅ

ሰፈሩ «መሐንዲሱ» የሚል ስም ያወጣለት በፍቅር አልነበረም። ገና በሃያ ዓመቱ፣ የግንባታ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ሲገባ አንዱ ምላሰኛ «መሐንዲሳችን መጣ» አለ፤ ሌላው ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ክፉ ስም ለማውጣት ስብሰባ አይጠራም። ዛሬ ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል፤ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሚስማር ሲመዝን፣ ማጠፊያና ቁልፍ ሲሸጥ ይውላል፤ ደንበኛውም ባለመደብሩም እስካሁን የሚጠራው መሐንዲሱ እያለ ነው። እሱም አቤት ይላል። ምን ያድርግ?

ትምህርቱን ያቋረጠው ሰንፎ ሳይሆን ታሞ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ሕመም ሲያወራ «ጨርቁን ጣለ» ይላል፤ ይኼ በእሱ ላይ ሐሰት ነው። መሐንዲሱ ጨርቁን አልጣለም፤ እንዲያውም በዚያ ሰሞን ሦስት ኮት ደርቦ ነበር የሚዞረው፤ ለከተማው አዲስ ድልድይ የሚሠሩ እንግዶች እየመጡ ነውና አምሮብኝ ልቀበላቸው ብሎ። እንቅልፍ አልነበረም፣ ምግብ አልነበረም፣ ወሬ ብቻ ነበር። ከዚያ ያ ሁሉ ነገር ድንገት እልም አለና ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለሳምንታት ተኛ። እናቱ በሩ ሥር ቁጭ ብላ በእንጨቱ በኩል ታወራው ነበር፤ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ምንም። ሐኪሞች ለሕመሙ ስም ሰጡት። ባይፖላር ይባላል አሉ፤ ሰውን አንዴ ሰማይ አንዴ መሬት የሚያደርግ ነው፤ ኪኒኑን በየቀኑ እስከዋጠ ድረስ ግን እንደ ማንም ሰው ይኖራል አሉ። ቤተሰቡ ያን ስም አይጠራውም። «ሲነሣበት» ነው የሚባለው። ምን እንደሚነሣበት የሚያብራራ የለም፤ የሚጠይቅም የለም።

ከተነሣበት ቆይቷል። ለዚህ ምስጋናው የእህቱ ነው። ታላቁ ናት፤ እትዬ ይላታል። በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ናት፤ አንሶላ ላይ ያለች የሻይ ጠብታ ከበር ላይ ቆማ የምታይ ሴት። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ኪኒኑን በአንድ እጇ፣ ውሃውን በሌላው እጇ ይዛ ፊቱ ትቆማለች፤ ሲውጥ አይታ ትወጣለች። 

እነሱ ቤት ሐዘን ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ደስታ ነው። መሐንዲሱ ፊቱን ሲታጠብ ቢያፏጭ እናቱና እትዬ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ቀልድ አውርቶ ራሱ ቀድሞ ቢስቅ እናቱ «ሌሊት ተኝተሃል?» ትለዋለች። ሰው በገዛ ቤቱ ለመሳቅ ፈቃድ ሲጠይቅ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እሱን ማየት ነበረባችሁ።

ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ኮሌጅ ልመለስ ነው» ሲል የሁለቱም ማንኪያ መንገድ ላይ ቆመ። እትዬ ወንበሯን አስጠግታ የዓይኑን ብሌን መረመረች። እሱ ግን ረጋ ብሎ ነገራቸው፤ ኮሌጁ ለሠራተኞች የከሰዓት ክፍል ከፍቷል፤ ባለመደብሩም ጠዋት ብቻ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ሐኪሟን ጠይቆ ኪኒኑን እስካላቋረጠ ድረስ የሚከለክለው ነገር የለም ብላዋለች። ትምህርቱን ሳይጨርስ ቢሞት የሚቆጨው ነገር እሱ ብቻ እንደሆነም ነገራቸው። እናቱ «ይቅርብህ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ምን እንደታያት እንጃ፣ ሐሳቧን ለወጠች። «በል እንግዲህ፤ ለሰው ግን አንናገርም» አለች። ጎረቤት ሲጠይቅም ከሰዓት ከሰዓት ሌላ ሥራ ይዟል እየተባለ ተድበሰበሰ።

የከሰዓቱ ክፍል ለአዋቂ ሠራተኞች ተብሎ ይከፈት እንጂ፣ የሞሉት የጠዋቱ ክፍል ያልደረሳቸው ጎረምሶችና ኮረዶች ነበሩ። መሐንዲሱ የመጀመሪያ ቀን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲገባ መምህሩ መስሏቸው ሁሉም ብድግ አሉ። እሱም ደንግጦ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለና ከኋላ ወንበር ሄዶ ቁጭ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ሆነ። ሒሳቡን ይሠራላቸዋል፤ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዓይነት ከመደብሩ የሚያውቀውን ያጫውታቸዋል። መድኃኒቱ ስለሚያስጠማው አንድ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አይለየውም፤ እነሱም «ጋሼ ታንከሩን ይዞ መጣ» እያሉ ይቀልዱበታል። ለሃያ ዓመት ያልቀመሰው ዓይነት ቀልድ ነበር፤ ክፋት የሌለበት።

ችግሩ ንድፍ ነው። የንድፍ መምህሩ ጡረታ የተቃረቡ፣ ቀጭን፣ ከንፈራቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። ተማሪው ጋሽ ሚሊ ይላቸዋል፤ ሚሊሜትርን አሳጥሮ ነው። ለአንዲት ሚሊሜትር ስሕተት ተማሪን ከነእርሳሱ ውጭ ያስቆማሉ። የመሐንዲሱ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ይኼም ከኪኒኑ ነው። ብዙ አይደለም፤ ሚስማር ሲመዝን ማንም ልብ አይልበትም። ነጭ ወረቀት ላይ ቀጭን እርሳስ ሲይዝ ግን ማስመሪያው ይሸሸዋል፣ ግድግዳው ይወላገዳል፣ ቁጥሩ ይንጋደዳል። የቤት ሥራውን በመለሱለት ቁጥር ጋሽ ሚሊ በቀይ እርሳስ ከላይ የሚጽፉት አንድ ነገር ነበር፤ «መስመሩ ታሟል»።

መሐንዲሱ ይህን ሲያነብ ማንም ሳያየው ወረቀቱን አጠፈ። አወቁብኝ አለ። ከኮሌጁ መዝገብ አንብበው፣ ወይም እጄን አይተው አውቀውብኛል፤ በነገር እየወጉኝ ነው አለ። ጠግቦ ያልሳቀ ሰው በሁሉ ቃል ውስጥ ራሱን ያገኛል። የዓመቱ መጨረሻ የንድፍ ፈተና ደግሞ ቀርቦ ነበር፤ እሱን ያላለፈ ሁለተኛ ዓመት አይገባም፤ በከሰዓቱ ክፍል ደግሞ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም። ካለፈ አለፈ፤ ካላለፈ ወደ ሚስማሩ ነው።

እና አንድ ጠዋት ኪኒኑን ከእትዬ እጅ ተቀብሎ ምላሱ ሥር አኖረው። ውሃውን ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ «ደህና ዋይ» አላት። እሷ ከአጥሩ ስትወጣ ጓሮ ሄዶ ተፋው። ለፈተናው ስል ነው፣ ሲያልቅ እመለስበታለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ተረት የተተረተው ለእንዲህ ዓይነቱ ብልጥ ነው።

እጁ ረጋ። እየዋለ እያደረ ሄዶ ሄዶ ጨርሶ ረጋ። ማስመሪያው እሺ ይለው ጀመር፤ መስመሩ እንደ ክር ቀጠነ፤ ማዕዘኑ ቁጭ አለ። ጋሽ ሚሊ አንድ ቀን ከትከሻው በላይ ቆመው ቆይተው፣ መነፅራቸውን አውልቀው ጠርገው፣ እንደገና አደረጉና «ይኼ መስመር ድኗል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና ሲወጣ ክፍሉ ሰምቶ አያውቅም፤ ሁሉም ዘወር ብሎ አየው። መሐንዲሱ ያን ዕለት ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ይሁን በአየር አያስታውስም። 

ደስታው ግን ልክ አጣ። እንቅልፉ አጠረ፤ አያስፈልገኝም አለ። በመደብሩ ውስጥ ቁልፎችን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርዶ በቀለማቸው ደረደራቸው፤ ደንበኛ የጠየቀውን ሳይሆን የሚያስፈልገውን ሊሸጥለት ይከራከር ጀመር፤ ባለመደብሩን ጣሪያው ተነሥቶ በመስታወት ይሠራልህ ብሎ ግማሽ ቀን ያዘው። ባለመደብሩ ሰውየው ኮሌጅ ገብቶ ዓይኑ በራ እንጂ ሌላ አልመሰለውም። ቤት ሲገባ መሐንዲሱ ለሁለቱ ሴቶች ሲል ራሱን ይገታል፤ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ይህ ራሱ ሥራ ነበር። እትዬ አንድ ሁለቴ ጠርጥራ በዓይኗ ያዘችው፤ ኪኒኑን ከእጇ ሲወስድ ታያለችና ደግሞ በራሷ ጥርጣሬ አፈረች።

በዚያ ሰሞን ለፈተናው መለማመጃ ብሎ ለእናቱ ቤት ነደፈላት። አንድ እሑድ ጠዋት ንድፉን ጠቅልሎ ክፍሏ ገባና አልጋዋ ላይ ዘረጋው። መስመሩ ያስደነግጣል፤ በማሽን የታተመ ይመስል ነበር። እናቱ መነፅሯን አጥልቃ አጎነበሰች፤ ፊደል ቆጥራለች እንጂ የቤት ፕላን አይታ አታውቅም፤ በጣቷ እየተከተለች ይኼ ምንድነው፣ ያኛውስ እያለች ጠየቀችው። እሱም መስኮት ነው፣ ይኼም መስኮት ነው፣ ይኼ ያንቺ መኝታ ነው፣ ይኼ ፀሐይ የሚገባበት ነው እያለ መለሰላት። ጣቷ የቤቱን ዙሪያ ዞረ። ደግሞ ዞረ። 

«ልጄ፣» አለች፣ «እኔ በየት ልግባ?»

መሐንዲሱ ሳቀና በሩን ሊያሳያት ጎንበስ አለ። ከፊት ለፊት መስኮት ነው። በጎንም መስኮት ነው። በጓሮ በኩል ደረጃ አለ፤ ደረጃው ይወጣ ይወጣና ግድግዳ ላይ ያበቃል። በር የለም። አፉ ግን አልቆመም። በር ያረጀ ሐሳብ እንደሆነ፣ የወደፊቱ ሰው በብርሃን በኩል እንደሚገባ፣ ይህን ለከተማው ከንቲባ ሊያስረዳ እንዳሰበ ማብራራት ጀመረ፤ ቃሉ እርስ በርሱ እየተጋፋ ወጣ። እናቱ አላቋረጠችውም። ቀና ብላ ብቻ አየችው። ያን ጊዜ፣ እሱ ከውስጥ ቆልፎ ሲተኛ፣ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብላ የምታወራው ሴት ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አይቶት አያውቅም ነበር። አሁን አየው። ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

እትዬ ከሳሎን ድምፁ ሲፈጥን ሰምታ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች። እሱም ሳትጠይቀው ነገራት።

«እትዬ፣ ኪኒኑን መዋጥ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።»

እትዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከተዘረጋው ቤት አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠችና «ከእጄ እየተቀበልክ?» አለች። መሐንዲሱ አርባ ሊሞላው ነው፤ ግንባሩን የእናቱ ጉልበት ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግሥቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ። አልተቆጣችም፤ እንቅልፉን ጠየቀችው፣ ደሙ እንዲመረመር አዘዘች፣ ኪኒኑ የሚጀመርበትን መንገድ ለእሱም ለእህቱም አስረዳች። ሳይገነፍል ደርሳችሁበታል አለች። የእጁን ነገር ሲነግራት እርሳሷን አስቀምጣ ለምን እስከዛሬ እንዳልነገራት ጠየቀችው፤ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መላ አለ፣ ግን ቀስ በቀስ ነው፣ ለፈተናው አይደርስም አለች። ለጥቂት ቀናት ሥራም ትምህርትም ትቶ እንዲያርፍ ነግራ አሰናበተቻቸው። 

በአውቶቡስ ሲመለሱ መሐንዲሱ መስኮቱን እያየ ፈተናው ቀርቷል አለ። በሚንቀጠቀጥ እጅ ጋሽ ሚሊ ፊት ቀርቦ መዋረድ አይፈልግም፤ መጀመሪያ ይድን፣ ከዚያ ይማር። እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ይህች ሴት ለጎረቤት «ሌላ ሥራ ይዟል» እያለች ዓመቱን የገፋች ሴት ናት።

«እኔ መጀመሪያም አልወደድኩትም ነበር» አለች። «አሁን ግን ብትተወው ይበልጥ እፈራለሁ። እስክትድን ብትል ያው ሃያ ዓመት አለፈ እኮ። ሂድና ለሰውዬው ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«እንዳለ ነዋ። ስንደብቀው ምን ተረፈን?»

እንዳለ መንገር ቀላል ቢሆን ኖሮ ዓለም ባልታመመች። መሐንዲሱ ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ ኮሌጁ ሲመለስ የንድፍ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሲመላለስ ቆየ፤ ጋሽ ሚሊ በውስጥ ሆነው በቢላ እርሳስ ይቀርጹ ነበር፤ በመቅረጫ አያምኑም። መጨረሻ ላይ ገባና ቆሞ፣ ጫማውን እያየ፣ ሁሉንም አወጣው። ሕመሙን በስሙ ጠራው። ኪኒኑን፣ እጁን፣ እንዴት እንዳቆመና በር የሌለው ቤት እንደነደፈ ተናገረ። ለባዕድ ሰው ይህን ሲናገር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ጋሽ ሚሊ መቅረጻቸውን አላቆሙም።

«ለምንድነው ቀደም ብለህ ያልነገርከኝ?» አሉ።

«እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ። መስመሩ ታሟል እያሉ ይጽፉብኝ ነበር እኮ።»

ይኼኔ ቢላዋው ቆመ። ሽማግሌው ተነሡና ከቁም ሣጥኑ አንድ ክምር ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የሁሉም ተማሪ ሥራ ነው። ሁሉም ላይ በቀይ እርሳስ «መስመሩ ታሟል»፣ «መስመሩ ታሟል» ይላል። አንዱ ላይ «መስመሩ ሞቷል» የሚልም አለ። መሐንዲሱ አንድ በአንድ ገለጠው። ስንት ቀን ያንገበገበው፣ ኪኒኑን ያስተፋው ቃል ለማንም የሚጻፍ ቃል ነበር። ሳቅ መጣበት፤ ልማድ ሆኖበት ዙሪያውን አየ፤ የሚተያይ ሰው የለም፤ ሳቀ። ጋሽ ሚሊ አልሳቁም። ቀይ እርሳሳቸውን አገላብጠው አገላብጠው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ከክምሩ መሐል የእሱን የድሮ ሥራ፣ የተወላገደውን፣ መርጠው አወጡ። ይቅርታ የሚጠይቁ መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ማጉያ መነፅርና ማስመሪያ አምጥተው መንቀጥቀጡን ለኩት። አዎ፣ ለኩት። መስመሩ ከቦታው ስንት እንደሚወጣ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። 

«ግማሽ ሚሊ ነው» አሉ። «ከዚያ አይበልጥም። አንድ ለመቶ አድርገህ ስትነድፈው ግማሽ ሚሊ መሬት ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቤት ያጣምማል። አንድ ለሃምሳ ብትነድፈው ግን ሁለት ተኩል ነው። ግንበኛ ራሱ ያን ያህል ይሳሳታል።» ቀና ብለው አዩት። «እጅህን እኔ ማርጋት አልችልም። ቤቱን አሳድገው።»

መሐንዲሱ ወዲያው አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ ወንበር ፈለገ። ዕድሜ ልኩን የለፋው ራሱን ለወረቀቱ ለማሳነስ ነበር። ወረቀቱ ለእሱ ሊሰፋ እንደሚችል የነገረው አልነበረም።

ጋሽ ሚሊ ግን ጋሽ ሚሊ ናቸውና ቀጠሉ። ለመስመር ጥራት የተመደበውን ነጥብ አይሰጡትም፤ እሱን ይርሳው፤ የቀረውን በሥራው ያምጣ። ሰዓትም አይጨመርለትም። ተማሪዎቹ ለምን ለእሱ ብቻ ትልቅ ወረቀት ተሰጠው ብለው ቢጠይቁ ደግሞ መልሱ የመምህሩ ሳይሆን የራሱ ነው።

መጠየቃቸውማ አልቀረም። የፈተናው ቀን መሐንዲሱ ሁለት ጠረጴዛ የሚሸፍን ወረቀት ተሸክሞ ሲገባ ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «ጋሼ አንሶላ ይዞ መጣ» አለ፤ ሳቁ፤ ከፊት ያለች ልጅ ግን ኮስተር ብላ ይኼ አድልዎ ነው፣ በትልቁ መንደፍ ለማንም ይቀላል አለች። እውነቷን ነው። ጋሽ ሚሊ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የአእምሮ ሕመም አለብኝ» አለ። «ለሱ ኪኒን እውጣለሁ። ኪኒኑ እኔን ደህና ያደርገኛል፣ እጄን ግን ያንቀጠቅጠዋል። ትልቅ ወረቀት የያዝኩት ለዚህ ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰውን ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ የመሐንዲሱም እግር ወደ በሩ ማየት ጀምሮ ነበር። ያ ስለ አንሶላ የቀለደው ልጅ ተነሣ፤ ምንም ሳይል የራሱን ጠረጴዛ ገፍቶ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ጋር ገጠመለትና ሌላ ሊፈልግ ሄደ። ኮስተር ያለችውም አጎንብሳ እርሳሷን ፈለገች። ፈተናው ተጀመረ።

ጥያቄው ተዳፋት ላይ ለአምስት ሰው የሚሆን ቤት ንደፉ የሚል ነበር። መሐንዲሱ እንደ ሰዓሊ ቆሞ፣ እየተንጠራራ ሠራ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደለት። መሐል ላይ ሲጨነቅ እጁ ከምንጊዜውም ባሰ፤ እርሳሱን አስቀምጦ፣ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦበት፣ ውሃውን ጠጥቶ እስኪበርድለት ጠበቀ። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ሌሎቹ ጨርሰው ቀለም ሲያስተካክሉ እሱ ገና ደረጃው ላይ ነበር። መስመሩ ይወዛወዛል፤ ያያል፤ ይተወዋል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ይቺ መተው ከባዷ ነበረች። ጋሽ ሚሊ «እርሳስ አስቀምጡ» ሲሉ የጣሪያው ውሃ መውረጃ አልተሣለም ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን ጠቀለሉና ሳያዩት ወሰዱት።

ውጤቱ በወጣ ቀን ሰሌዳው ፊት ሰው ይተራመሳል። መሐንዲሱ ግፊያ አይወድም፤ እስኪቀንስ ጠብቆ ቀረበ። ከላይ ጀምሮ አልፈለገም፤ ከታች ጀመረ። ከታች ብዙም ሳይርቅ አገኘው። የመስመር ጥራቱ ነጥብ ባዶ ነው፤ ጋሽ ሚሊ ቃላቸውን አላጠፉም። የቀረው ግን ተደምሮ አልፏል። ወደ ሁለተኛ ዓመት ተዛውሯል ይላል። ደግሞ አነበበው። አላፏጨም፣ አልዘለለም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ደስ አለው፤ በዚህ ደስታ ደግሞ ማንም መፍራት አያስፈልገውም ነበር።

ስልኩን ሲያወጣ አንዲት ልጅ ከጎኑ ቆማ አየ። ያቺ ኮስታራዋ ናት። ስሟ ሰሌዳው ላይ ከሁሉም በላይ ነው፤ የመስመር ጥራቷ ሙሉ ነጥብ ነው። ፊቷ ላይ ግን የአንደኛ ደስታ አልነበረም፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ጋሼ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ያሉት ኪኒን ስሙ ምንድነው?»

ነገራት። አንገቷን ነቀነቀች።

«እኔም እሱን ነበር የምወስደው።»

መሐንዲሱ «ነበር»ን ሰማት። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፋት ነበር። ወደ እጇ አየ፤ እንደ ድንጋይ የረጋ እጅ ነው። መቼና ለምን እንዳቆመች ጠየቃት፤ ለፈተናው ብላ ነው፣ መስመሯ እንዳይበላሽ። ከዚያ ወዲህ አልተኛችም፤ መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር፣ አሁን ግን ፈርታለች፤ ለእናቷ መንገር አልቻለችም፣ ሐኪሟም አታውቅም። እሱ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲናገር በንዴት መብገኗን ነገረችው፤ እንዴት አፉን ሞልቶ ይለዋል ብላ። እያወራች ቃሏ እየፈጠነ ሄደ። መሐንዲሱ አልመከራትም፤ ተረትም አልተረተላትም። የምትታከምበት ሐኪም ቤት የት እንደሆነ ብቻ ጠየቃት። ሩቅ አልነበረም።

«ብቻዬን መሄድ አልቻልኩም» አለችው።

«አብረን እንሄዳለን።»

ወደ ኮሌጁ በር ሲሄዱ ለእናቱ ደወለ። ከጠዋት ጀምራ ስልኩን ታቅፋ ተቀምጣ ነበርና ገና ሳይጠራ አነሣችው። አልፌያለሁ አላት። በወዲያ በኩል እልልታዋን ለማፈን አፏን በእጇ እንደያዘች ገባው። እትዬም ከጎኗ ሆና ምን አለ፣ ምን አለ ስትል ተሰማው።

«እማዬ፣ ትንሽ እቆያለሁ» አለ። «ወደ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው።»

የእናቱ እልልታ ተቋረጠ። ስንት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት በተባለ ቁጥር እሱን ደግፋ የሄደችው እሷ ናት። «ምን ሆንክ?» አለች።

«እኔ አይደለሁም። ሰው ላደርስ ነው። አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት።»

እናቱ ከጎኗ የምታወራውን እትዬን ዝም ስታሰኝ ተሰማው።

«ታማብህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ታወራለህ?» አለች እናቱ። «ያዛትና ሂዳ።»